የዘገየው ማሽን

እማዬ ጥርስ ትሠራ ነበር። እንዲህ ስል ሰዎች ሐኪም ትመስላቸዋለች፤ አልነበረችም። ሐኪሙ ሌላ ነው። እሱ ጥርሳቸው ያለቀባቸውን ሰዎች አፍ ለክቶ፣ ቅርጹን በጀሶ አውጥቶ ይልክላታል፤ እሷ ደግሞ መኝታ ቤታችን ጥግ ባለችው ጠረጴዛዋ ላይ ድዱን በሰም ቀርጻ፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ተክላ፣ ጠርዙን አለስልሳ ትመልስለታለች። ስለዚህ እኔ ያደግሁት የማላውቃቸው ሰዎች ጥርስ መስኮት ላይ ተደርድሮ እያየኝ ነው።

የክፍል ጓደኞቼ እኛ ቤት አይመጡም። አንዷ አንድ ጊዜ መጥታ ነበር። ውሃ ጠምቷት ብርጭቆ ብታነሳ፣ ውስጡ ሙሉ የታችኛው መንጋጋ ቁጭ ብሎ አገኘች። ጩኸቷ እስከ መንገድ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ውስጥ ስሜ የሚነሳው ከጥርስ ጋር ብቻ ሆነ፤ እኔም ሰው መጋበዝ ተውኩ። አባት የሚባል ነገርም ቤታችን አልነበረም፤ ስለሱ ስጠይቅ እማዬ "ሥራ አታስፈቺኝ" ትለኛለች፣ እኔም አላስፈታትም።

እንግዲህ ጓደኛዬ እሷው ነበረች። ሥራዋን ስትጨርስ እጇን ትታጠብና ሽርጧን ሳትፈታ ቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች። ያችን አሮጌ ጌሟን ታወጣለች። ጌሙ የልጅነቷ ዕቃ ነው፤ ካሴት የሚጎርስ፣ ጆይስቲኩ በገመድ የታሰረ፣ ነጭ የነበረና እያደር እንደ ሰም ቢጫ የሆነ። ካሴቱ አንድ ብቻ ነው። ፋኖስ የያዘ አንድ ትንሽ ሰውዬ እየሮጠ ገደል ይዘላል፤ ለሁለት ሲጫወቱት ደግሞ ሁለት ይሆናሉ። ባለ ቢጫ ፋኖሱ የእማዬ ነው፣ ባለ አረንጓዴው የኔ።

ሦስተኛው ደረጃ መጨረሻ ላይ ሰፊ ገደል አለ። ቀድመሽ ከዘለልሽ መሃሉ ላይ ትወድቂያለሽ፤ ዘግይተሽ ከዘለልሽ ከናካቴው አትዘዪም። ልክ ጠርዙ ላይ መንካት ነው። እማዬ ይህን ገደል ወሬ እያወራች ታልፈዋለች፤ እኔ አላልፈውም። "ጠርዙ ላይ ስትደርሺ ትንፋሽሽን ያዢ፤ ያዢ፣ ያዢ... አሁን!" ትለኛለች። እኔ "ያዢ" ላይ ዘልዬ ገደል እገባለሁ። "ጩጬ፣ ምን ያጣድፍሻል? ገደሉ የትም አይሄድ!" ብላ ትስቅብኛለች።

ዐሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ሰሙ ተበላሸ። እኔ የገባኝ እንደዚያ ነው። ዶክተሩ፣ ማለት ሥራ የሚሰጣት የጥርስ ሐኪም፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራሱ መጣ። ቤታችን ውስጥ ያለችው አንዲት ወንበር የእማዬ ስለሆነች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ከቦርሳው የተጠቀለለ ጥርስ አወጣ። እኔ ምንጣፉ ላይ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር።

"ጠርዙ ሸካራ ሆኗል፤ ሰውየው ድዴን ቆረጠኝ ብሎ መለሰልኝ" አላት።

"ሰሙ ነው ዶክተር። የዘንድሮ ሰም እንደ ድሮው አይደለም።"

"ሰሙን እኮ ከዚያው ከድሮው ሱቅ ነው የምገዛልሽ።"

"ሱቁም እንደ ድሮው አይደለማ!"

ዶክተሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። "ደህና ነሽ ግን?" ሲል ጠየቃት።

"ምን እሆናለሁ ብለው ነው?"

ወደ እጇ አየ። እጇ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። "እንግዲህ ጥቂት ወራት ደግሞ እንየው። እኔም በሽተኞቼን ማጣት አልፈልግም፤ አንቺንም ማጣት አልፈልግም" አለና ተነሣ። ሲወጣ ራሴን ዳበሰኝ። እኔ ሰሙን ጠምጄ ያዝኩት። የዚህን ሰም ነጋዴ ባገኘው የምለውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር።

ከሰሙ በኋላ ተራው የመብራቱ ሆነ፤ አምፖሉ ተቀየረ። ከመብራቱ በኋላ የመነጽሩ ሆነ። ከመነጽሩ በኋላ የጆይስቲኩ፤ ምክንያቱም እማዬ፣ ሰፊውን ገደል ወሬ እያወራች ታልፍ የነበረችው እማዬ፣ አንድ ቀን ገደሉ ውስጥ ወደቀች። በማግስቱም ወደቀች። ጆይስቲኩን ፈትታ ውስጡን በጥጥና በአልኮል ጠረገችው። ገጣጠመችው፤ ወደቀች። "ቴሌቪዥኑ ነው፤ አርጅቷል" አለች። እኔም "አርጅቷል" ብዬ አገዝኳት። ቤታችን ውስጥ ዕቃው ሁሉ ባንድ ጊዜ ማርጀቱ ትንሽም አልገረመኝም።

ከዚያ ነው "ኮምፒውተር እንግዛ" ያለችው።

"ኮምፒውተር?!" ከምንጣፉ ላይ ዘልዬ ተነሣሁ።

"ርካሽ። ጌሙን ስንጫወት የሚቀዳ። እየተጫወትሽ ስህተትሽን አታዪውም፤ ቀድቶ ቀስ አድርጎ የሚያሳየኝ ከሆነ ግን የት ላይ እንደምሳሳት አውቃለሁ።"

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። እማዬ ልትወዳደር ነው፣ ዓለም ሁሉ ሊያያት ነው፣ እኔ ደግሞ አጠገቧ ባለ አረንጓዴ ፋኖሷ ነኝ ማለት ነው። ያን ሳምንት ትምህርት ቤት ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ ዋልኩ። ለማን እንደምነግረው ስላጣሁ ግን ለማንም አልነገርኩም።

ያገለገለ ኮምፒውተር የሚሸጠው ሰውዬ "ነገ ና" ይባላል። ዕቃ ለጥገና ለሰጠው ሁሉ "ነገ ና" ስለሚል የወጣለት ስም ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን የሚያውቅ የለም። ሱቁ በሁለት ግድግዳ መሃል የተሰነቀረ ጠባብ ቦታ ነው። የተቃጠለ አቧራና የብየዳ ሽታ ይሸታል፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ኮምፒውተር በኮምፒውተር ላይ ተቆልሏል። እማዬ ጌሙን በፌስታል ይዛው መጥታ ነበር። ነገ ና ሲያየው ፊቱ በራ።

"እትዬ! ይቺ አሁንም አለች?" ብሎ ጆይስቲኩን እያገላበጠ ዳበሰው። "ለዚች እኮ ብዙም አይጨነቁ። የድሮ ጌም ምስሉ ትንሽ ስለሆነ ማሽን አያስጨንቅም። ዋናዋ ይቺ ናት።" ክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ሣጥን ከመሳቢያ አወጣ። "የጌሙ ገመድ በዚህ ይገባል፣ በዚህ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል፤ አለቀ። ሌላው ሃርድ ዲስክ ነው። ቪዲዮ ቦታ ይበላል፣ ሰፋ ያለ ይሁንልዎ። ራሙን እኔ እጨምርልዎታለሁ። አዲስ ላፕቶፕ ምን ያደርግልዎታል? ባትሪና ውበት ነው የሚከፍሉበት።"

"ውበቱን አልፈልግም፤ እንዳይዘገይ ብቻ። እኔ ስነካ እንዲነካ" አለችው።

በጣም ርካሹን፣ ጎኑ የተፋቀ ግራጫ ዴስክቶፕ አወረደና ጌሙን አገናኘው። እማዬ እየተንጠራራች ቆማ ተጫወተች። ሁለቱን ደረጃ እንደምንም አለፈች። ሰፊው ገደል ጋ ስትደርስ ባለ ቢጫ ፋኖሱ ጠርዙን አልፎ ሲያበቃ ዘለለ፤ ማለት አልዘለለም።

"ይዘገያል" አለች።

ነገ ና ቅንድቡን ሰቀለ። "ማሽኑ ምንም የለበትም እትዬ።"

"ይዘገያል አልኩህ። ሌላ አምጣ።"

ላፕቶፕ አመጣ። ወደቀች። "ይኼም ይዘገያል።" ከላይኛው መደርደሪያ በሁለት እጁ አቅፎ አንድ ጥቁር ትልቅ አወረደ፤ የምንችለው እንዳልሆነ አወራረዱ ራሱ ይናገራል። እማዬ ላቧን በክንዷ ጠርጋ ጀመረች። ወደቀች። ደግማ ወደቀች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ በመጀመሪያ በማሽኖቹ ተናደድኩ። በኋላ ግን ነገሩ በራልኝ።

እማዬን ጫማ ስትገዛ አይቻታለሁ። የወደደችውን ጫማ ታነሳና ሶሉን ጎትታ "ይኼማ ሳምንትም አይቆይ" ትላለች፤ ሻጩ ይምላል፣ እሷ ልትሄድ ትነሣለች፣ ዋጋው ይወርዳል። አሃ! አልኩ በልቤ። ሆን ብላ ነው የምትወድቀው! ማሽኖቹን ሁሉ አናንቃ የምትፈልገውን በርካሽ ልትወስድ ነው። እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ። በእማዬ ያን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ነገ ና በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና ወደኔ ዞረ። "እስቲ ልጅቷ ትሞክረው።"

ጆይስቲኩን ስቀበል ጨነቀኝ። ልውደቅላት ወይስ ልለፍ? ምልክት ትሰጠኝ እንደሆን ብዬ ቀና ብዬ አየኋት። እማዬ ግን ዓይኔን አላየችም፤ ጣቶቼን ነበር የምታየው።

"በደንብ ተጫወቺ፤ እስከምትችዪው ድረስ" አለችኝ። ድምጿ የማላውቀው ዓይነት ነበር።

ድርድሩ አልቋል ማለት ነው ብዬ ተጫወትኩ። ሰፊው ገደል ጋ ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ያዝኩ፣ ያዝኩና ነካሁ። ባለ ፋኖሱ ተንሳፍፎ ማዶ አረፈ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። "አለፍኩ!" ብዬ ጮህኩ። እማዬ "በላፕቶፑም ሞክሪው" አለች። አለፍኩ። "በዚያኛውም"፤ በግራጫው፣ መጀመሪያ ባናናቀችው። እሱንም አለፍኩት፤ ምንም አልዘገየም።

እማዬ ግራጫው ማሽን ላይ መዳፏን አሳርፋ ቆማ ነበር።

"ይኼ ይበቃናል፤ ጠቅልልልን" አለች።

ነገ ና መጀመሪያ አፈጠጠ፣ ከዚያ ጭኑን መትቶ ሳቀ። "እትዬ! ጉድ ሠሩኝ እኮ! እየወደቁ ዋጋ ሊያስጥሉኝ! ሃያ ዓመት ሱቅ ስቀመጥ እንዲህ ያለ ተከራካሪ አላጋጠመኝም!"

እማዬ ቀስ ብላ ዞረችና ፈገግ አለች። "ነቃህብኝ" አለችው።

ዋጋውን ቀነሰ። ሣጥኗንም ገመዱንም መረቀልን። እስከ አውቶቡሱ ተሸክሞልንም መጣ፤ መንገድ ላይ ለሚያውቀው ሁሉ "እቺ ሴትዮ ዛሬ በላችኝ" እያለ።

አውቶቡስ ውስጥ ኮምፒውተሩን እግራችን መሃል አድርገን ተቀመጥን። እማዬ ሁለቱንም እጆቼን ወሰደች። አገላበጠቻቸው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ዳሰሰቻቸው፤ ከዚያ እስክንወርድ ድረስ አልለቀቀቻቸውም። ገደሉን ስላለፍኩ እንኳን ደስ አለሽ ማለቷ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። መንገዱ አውቶቡሱን ይንጠው ስለነበር የእጇን መንቀጥቀጥ ለይቼ አላወቅሁትም።

አያቴን፣ አባቷን፣ በትንሹ አስታውሰዋለሁ። ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ ነበር የሚጠጣው፤ ስኒውና ማስቀመጫው ሲንቀጫቀጩ ከሌላ ክፍል ይሰማሉ። እሱ ሻይ ሲይዝ እማዬ ተነሥታ ትወጣለች። ተጣልተዋል ብዬ አስብ ነበር። አሁን ሳስበው ከሱ አልነበረም የምትሸሸው፤ በሱ ውስጥ ከምታየው ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም፤ ለእሷም የሚነግራት አላስፈለጋትም።

ኮምፒውተሩ መስኮቱ ሥር፣ ከጥርሶቹ አጠገብ ተቀመጠ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬን ስክሪኑ ላይ አቀርቅራ አገኛታለሁ። ምስሉን ትንሽ ታስኬዳለች፣ ታቆማለች፣ ትንሽ ትመልሳለች። ስገባ ስትሰማ ትዘጋውና "መጣሽ? ነይ እንጫወት" ትለኛለች። ስንጫወት አሸንፋታለሁ። በየቀኑ። መጀመሪያ በትንሹ፣ እየቆየ ግን ባለ ቢጫ ፋኖሷ ኋላ እየቀረ ስክሪኑ ይይዘኛል፤ ጌሙ ሁለቱም ካልደረሱ ወደፊት አይሄድምና። "እማዬ ድረሺብኝ እንጂ!" እያልኩ እጮሃለሁ። "ፈጠንሽብኝ እኮ ጩጬ፣ ምን በልተሽ ነው?" ትለኛለች። እኔም እውነት መስሎኝ ለክፍሌ ልጆች እናቴን እንደማሸንፋት አወራሁ። አንዷ ብቻ ዞር ብላ "እናትሽ፣ ጥርስ የምትለቅመዋ?" አለችኝ፤ ሌሎቹ ሳቁና ወሬው በዚያው ሞተ።

እማዬ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ግራጫው ማሽን ግን አሁንም ይሠራል፤ ነገ ና እንዳለው ምንም የለበትም። ባለፈው ክረምት ብቻዬን ቁጭ ብዬ የቀዳነውን ሁሉ አየሁት። እኔ ፈጥኜ አልነበረም። ባለ አረንጓዴ ፋኖሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ነው፤ የሚዘልበት ቦታ ራሱ አልተለወጠም። እየራቀ የሄደው ሌላኛው ነው።

እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ብቻዋን የቀዳቻቸውም አሉ። አንዱ ፋኖስ ብቻ የሚታይባቸው። ሰውዬው ሰፊው ገደል ጋ ይደርስና ይቆማል። ረጅም ጊዜ ይቆማል፤ ምስሉ የተሰበረ መስሎኝ ማሽኑን እስከ መምታት ደርሻለሁ። ከዚያ ይዘልና ይወድቃል፤ እንደገና መጥቶ እዚያው ይቆማል። ድምጿ የለም፣ ፊቷ የለም፣ ያ ፋኖስ ብቻ ነው። እኔ እሷን ጓደኛዬ ናት እያልኩ በዚያው ቤት እየኖርኩ፣ እሷ እንዲያ ብቻዋን ነበረች። ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ይሄ ነው።

ያኔ፣ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጌሙ አልተከፈተም ነበር። እማዬ ወንበሯን ለቃ ከጎኗ ቆማለች።

"ሦስተኛውን ደረጃ ጨርሰሻል አይደል?" አለችኝ። "አራተኛው ይሄውልሽ።"

ወንበሯ ላይ አስቀመጠችኝ። ያችን እንዳልነካት ሁሌ የምትከለክለኝን ቀጭን የሰም ቢላ ከምትሞቅበት የአልኮል ኩራዝ ላይ አንሥቼ እንድይዛት አሳየችኝ። ፊት ለፊቴ ከሰም የተሠራ ሮዝ ድድ ከነጥርሱ ቁጭ ብሏል፤ ጠርዙ ብቻ ቀርቶታል። እሷ ከኋላዬ ጎንበስ አለች። ትከሻዬ ላይ ትንፋሿን እሰማዋለሁ፤ እጇ ግን አልነካኝም።

"ትንፋሽሽን ያዢ። ጠርዙን ተከተዪው። ያዢ፣ ያዢ... አሁን ልቀቂ።"

ሰሙ እንደ ቅቤ እየተላጠ ወረደ። የመጀመሪያዎቹን ሁሉ አበላሸሁ፤ አቅልጣ ደግማ ሰጠችኝ። እየቆየ እጄ ለመደ። እሷ ታያለች፣ ትናገራለች፤ እኔ እነካለሁ። "ይሄ የሁለታችን ምስጢር ነው፤ ዶክተሩ እንዳይሰማ" አለችኝ። እኔ ምስጢር ስወድ! እንደ ነገ ና ሱቅ ያለ ሌላ ብልጠት መስሎኝ ነበር።

የሰጣት ጊዜ ሲያልቅ ዶክተሩ መጣ። እንደ በፊቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ አልከፈተውም። የሚናገረውን አዘጋጅቶ የመጣ ሰው ይመስል ነበር። እማዬ ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ሥራ በአገጯ እያመለከተች "እዚያ ነው፣ ይዩት" አለችው። አንሥቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ብርሃኑ ላይ አዟዟረው። አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ፤ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ ከዚያ እንደገና መለሰው።

እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ከንፈሬን ነክሻለሁ።

"አንቺ ሴት!" አለ ዶክተሩ ዞሮ። ዓይኑ ውስጥ ያለው ደስታ እስካሁን ይታየኛል። "እጅሽ ተመለሰ እኮ!"

እማዬ እኔን አየችኝ።

"አዎ ዶክተር" አለች። "ተመለሰ።"

ሌላ ጀሶ ከቦርሳው አውጥቶ መስኮቱ ላይ ደረደረ፤ ከበፊቱ የበዛ። ራሴን ዳብሶኝ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ምንጣፉ ላይ ተንከባልዬ ሳቅሁ። "አታለልነው እማዬ! አታለልነው!"

"አታለልነው" አለች እሷም፣ እየሳቀች፤ እጇን ግን ከሽርጧ ኪስ አላወጣችም።